ዐረብ አገርን የሚያጠና ማዕከል ወሎ ላይ ካልተከፈተ የት ሊከፈት ነው?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ስድቡ በኋላ ይምጣ።

ቃሉን፣ ሐርቡን፣ ወረባቦን፣ ባቲን ዙሩ። ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ካገኛችሁ ንገሩኝ። ቆርቆሮው በሪያድ ብር ነው፣ የልጁ ትምህርት በኩዌት ብር ነው፣ የሠርጉ ድንኳን ሳይቀር። የሪያል ምንዛሪ ስንት እንደገባ ለማወቅ ባንክ መሄድ አያስፈልግም፣ ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣችሁ ትሰሙታላችሁ። ግን ስለ ሳዑዲ፣ ስለ ኳታር፣ ስለ ኤምሬትስ ቁጭ ብሎ የሚያጠና፣ ጋዜጣቸውን የሚያነብ፣ የሥራ ሕጋቸው ሲቀየር በማግስቱ በአማርኛ የሚነግረን የዩኒቨርሲቲ ማዕከል እዚህ አላየሁም። ያየ ካለ ያሳየኝ።

እኛን የሚያጠኑን ግን ሞልተዋል። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በጀርመናዊው የግዕዝ አጥኚ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለው። ሚሺጋን ስቴት የአፍሪካ ጥናት ማዕከሉን የከፈተው በ1960 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ እየጻፍኩ ነው፣ እንዳትጣሉኝ። የእኛው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ስድስት ኪሎ በ1963 ሲቋቋም ራሳችንን ለማጥናት ነው፣ እሰየው። ግን ሁልጊዜ ተጠኚ ሆነን እስከ መቼ? ፈረንጁ ስለ ስደታችን ሊያጠና ይመጣል፣ የእኛ ልጅ ያስተረጉምለታል፣ አበሉን ይቀበላል፣ አለቀ።

እና የዘመኑን የባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚያጠና ማዕከል ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ቢከፈትስ? ምን ትላላችሁ?

ቧንቧ ውሃ፦
ስሜ ቧንቧ ውሃ፣ ሰፈሬም ቧንቧ ውሃ፣ ውሃው ግን በፈረቃ ነው። እና ስለ ዶሃ ልጨነቅ?

ማዕከል ስትሉ የሚታየኝን ልንገራችሁ። ታፔላ። ዳይሬክተር። ምክትል ዳይሬክተር። የማስጀመሪያ ወርክሾፕ፣ ባነር፣ የታሸገ ውሃ፣ የቡድን ፎቶ። በዓመቱ ቢሮው ተቆልፎ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል። በእኛው አቆጣጠር በ2014 ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ስንት ንብረት እንደተዘረፈበት ሁላችንም አይተናል፣ መጀመሪያ ላብራቶሪው ይሟላ። ቀልድ አይደለም ይሄ።

የሐርቡዋ፦
ቧንቧ ውሃ በሳቅ ገደልከኝ፣ ግን አንድ ነገር ልበልህ። እኔ ኩዌት ሠርቻለሁ፣ ከዚያ ሳዑዲ። ስሄድ ሁለቱ የተለያየ ሕግ እንዳላቸው የነገረኝ ሰው የለም። «ዐረብ አገር» ነው የሚባለው፣ በቃ። ቤሩትም ዐረብ አገር፣ ጅዳም ዐረብ አገር።

ኮንትራቱን የፈረምኩት አዲስ አበባ አንድ ኤጀንሲ ቢሮ ቆሜ ነው። በቀኝ ዐረብኛ፣ በግራ እንግሊዝኛ። ጸሐፊዋ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ» አለችኝ፣ ፈረምኩ። ኩዌት ከገባሁ በኋላ ጎረቤት ቤት የምትሠራ አንዲት ፊሊፒን ነበረች። ልብስ ስናሰጣ በረንዳ ላይ እንገናኛለን። «የዕረፍት ቀንሽ መቼ ነው?» አለችኝ። የምን ዕረፍት? በ2015 የወጣ ሕግ አለ፣ የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች፣ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ አትሠራም አለችኝ። በራሷ ቋንቋ ተጽፎ ስልኳ ላይ አለ። እሷ ከመሄዷ በፊት አገሯ ላይ አስተምረዋታል። እኔ ሕጉን የሰማሁት ከማሰጫ ገመድ ሥር ነው። ለመዳሜ ስነግራት ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም።

እና ወንድሜ፣ ውሃውም ይምጣ፣ ይሄም ይምጣ።

ቧንቧ ውሃ፦
እህቴ አብሽሪ፣ አንቺን አልተቃወምኩም። ታፔላውን ነው።

መምህር ዘደሴ፦
ጥሩ ክር ነው። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ የትኛው እንደሆነ ይቆየን። ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጻፍ፣ ሻይ ያዙ።

እንዲህ ያሉ ማዕከላት ለእውቀት ፍቅር ብቻ አልተከፈቱም። የለንደኑ የምሥራቅ ጥናት ትምህርት ቤት በ1916 ሲቋቋም እንግሊዝ የምትገዛቸውን ሕዝቦች ቋንቋ የሚያውቅ ሹምና ነጋዴ ፈልጋ ነው። አፍሪካ ስሙ ላይ የተጨመረው በኋላ ነው። አሜሪካ በ1957 ሩሲያ ሳተላይት ስታመጥቅ ደነገጠች፣ በ1958 የመከላከያ ትምህርት አዋጅ አወጣች፣ ከዚያ አዋጅ በተገኘ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲዎቿ ውስጥ የውጭ ቋንቋና የውጭ አገር ጥናት ማዕከላት እንደ አሸን ፈሉ። ጆርጅታውን የዘመኑ ዐረብ ጥናት ማዕከሉን የከፈተው በ1975 ነው። የነዳጅ ዋጋ ከናረ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዘመን የባሕረ ሰላጤ ማዕከል ከፈተ።

ምን ለማለት ነው፣ ሁሉም የከፈቱት ከዚያ አካባቢ ጋር የሚያስጨንቅ ጉዳይ ስለነበራቸው ነው። ታዲያ ከወሎ በላይ ከሳዑዲ ጋር ጉዳይ ያለው ማነው? በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ሕገወጥ ያለቻቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ብዙዎቹ ወደዚሁ ወደ እኛ ወረዳዎች ነው የመጡት። እዚህ ድንኳን ተተከለ፣ ብርድ ልብስ ተሰበሰበ። ያኔ እንደ ድንገተኛ ጎርፍ ነበር የታየው። ድንገተኛ አልነበረም። ሳዑዲ ኒጣቃት የሚባለውን ፕሮግራም የጀመረችው በ2011 ነው፣ የግል ድርጅት ሁሉ የተወሰነ የአገሬው ሰው እንዲቀጥር የሚያስገድድ። ለሕገወጦችም ወረቀታችሁን አስተካክሉ ወይ ውጡ ተብሎ በ2013 ወራት የፈጀ የጊዜ ገደብ ተሰጥቶ ነበር፣ አንዴም ተራዝሟል። የሪያድን ጋዜጣ በየሳምንቱ የሚያነብ አንድ ሰው እዚህ ቢኖር ኅዳር ላይ ምን እንደሚመጣ ሰኔ ላይ ይነግረን ነበር።

የእኔ ክርክር ይሄ ብቻ ነው። ማዕከል ማለት ሕንፃ አይደለም። በየቀኑ የሚያነብ ሰው ነው።

ጦሳ ሥር፦
መምህር ይሄን ነበር ልል የፈለግኩት፣ እርስዎ አስተካክለው አሉት።

የኮምቦልቻው፦
እኔ ጭነት ላይ ነው የምሠራው፣ ደረቅ ወደቡ አካባቢ። ለምን ዐረብ ብቻ? የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያን ባቡር የገነባው የቱርክ ኩባንያ ነው፣ ያፒ መርከዚ። ውሉ የተፈረመው በ2012 ነው፣ ሐዲዱ ተዘርግቶ እንኳ ስንት ዓመት ዝም ብሎ እንደተኛ አይተናል። ኢንዱስትሪ ፓርኩን የገነባው ቻይና ነው፣ በ2017 ተመረቀ። ከዚያ አሜሪካ በ2022 መግቢያ ላይ አጎዋን፣ ያለ ቀረጥ የምንልክላትን ዕድል፣ ስትዘጋብን ልብስ ሲሰፉ የነበሩ ልጆች ምን እንደደረሰባቸው የፓርኩን በር ቆማችሁ ጠይቁ። ውሳኔው ዋሽንግተን፣ ጣጣው ኮምቦልቻ።

ስለዚህ የውጭ አገር ጥናት ማዕከል በሉትና ሁሉንም ያጥና። ቦታውም ኮምቦልቻ ይሁን፣ ደሴ ብርድ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦
ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ምሁር ይተኛል እንጂ አያጠናም።

መምህር ዘደሴ፦
@የኮምቦልቻው ነጥብህ ገብቶኛል። ግን ሁሉን የሚያጠና ማዕከል ምንም አያጠናም። ቱርክኛ የሚያነብ ስንት ሰው አለን? ቻይንኛስ? አንድን አካባቢ ለማጥናት መጀመሪያ ቋንቋው ያስፈልጋል። ቀጥሎ የዚያ አገር ወረቀት፣ ማለትም የሕግ ጋዜጣ፣ የሕዝብ ቆጠራ፣ የበጀት ሰነድ፣ የየዕለቱ ጋዜጣ። ኤክሰተር የዐረቡን ዓለም ሰነድ ብቻ የሚሰበስብ ክፍል አቋቁሟል፣ መደብር የማይሸጠውን የመንግሥት ሪፖርትና ስታትስቲክስ ሁሉ እየለቀመ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ማንም ፎቶ አያነሳህም። ማዕከሉን ማዕከል የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

ከዚያ ነው ኢኮኖሚስቱ፣ የሕግ ሰው፣ የታሪክ ሰው አንድ ጠረጴዛ የሚከብቡት። የአንድ ትምህርት ክፍል ሥራ አይደለም። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች እዚህ ላይ ነው የሚቸገሩት። ሕግ ለብቻው፣ ኢኮኖሚክስ ለብቻው፣ ቋንቋ ለብቻው፣ ኮሪደር ላይ እንኳ ሰላም አይባባሉም።

ደረሳው፦
አሰላሙ ዐለይኩም። ቋንቋ ካላችሁ እኔም አለሁበት።

ዐረብኛ ለወሎ እንግዳ አይደለም። ዳናን፣ ጌታን፣ ጀማ ንጉሥን የሚያውቅ ያውቃል። እነዚህ ቦታዎች ላይ ፊቅህና ነህው፣ የሃይማኖት ሕጉና የዐረብኛ ሰዋስው ማለት ነው፣ ስንት ዘመን ሲቀራ ኖሯል። የወሎ ዑለማዎች አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው መንዙማ አድርገውታል። ካይሮ አል አዝሀር ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ጀበርቶች፣ የእኛው ቀንድ ሙስሊሞች፣ የሚያድሩበት ሪዋቅ ነበር። ናፖሊዮን ግብፅን ሲይዝ ያየውን ቀን በቀን የመዘገበው ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ ዘሩ ከዚሁ ከእኛ ቀንድ ነው፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ሌላውን ማጥናት አዲስ ነገር አድርጋችሁ አታውሩት።

አሁን ግን እውነቱን ልናገር። እኔ ኪታብ እቀራለሁ፣ የሪያድ ሰው በፍጥነት ሲያወራ ግማሹ ያመልጠኛል። የኪታቡ ዐረብኛና የገበያው አይገናኙም። የሐርቡዋ እህታችን ደግሞ የኩዌት ሰው ሲቀልድ የምትስቅ ይመስለኛል፣ ልክ ነኝ?

የሐርቡዋ፦
እስቃለሁ እንጂ! ሲያሙም እሰማለሁ። ማንበብ ግን አልችልም፣ የሱቅ ስም ካልሆነ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ የተጻፈውን እንኳ ሰው ነው ያነበበልኝ።

ደረሳው፦
በቃ እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ። ሁለታችን አንድ ሰው ይወጣናል።

መምህር ዘደሴ፦
ይሄን ነገር ሳነብ ብድግ ነው ያልኩት። የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ዐረብኛ አስተምሮ፣ ገልፍ ልኮ፣ አንድ ሰው ቤት ገብቶ ኑሮን እንዲያይ ለማድረግ ስንት ዓመትና ስንት ገንዘብ ያወጣል። ያም ሆኖ ሳሎን ነው የሚያስቀምጡት። ማዕድ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ባልና ሚስቱ ሲጣሉ፣ ብድሩን፣ ማን ሹፌር ቀጥሮ ማን እንዳባረረ የምታውቀው እዚያ የሠራችው ናት። ኳታርና ኤምሬትስ ውስጥ ከሚኖረው ሰው ወደ 90 ከመቶ የሚጠጋው የውጭ ሰው ነው። የአገሬው ቤተሰብ ለአጥኚ በሩን አይከፍትም፣ ለሠራተኛ ግን ይከፍታል። ይሄ እውቀት ሐርቡና ባቲ ተቀምጧል፣ የጠየቀው የለም። የተመለሰችን ልጅ ሁሉም የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፣ ምን በደል ደረሰብሽ። በደሉ ይመዝገብ፣ ይገባል። ግን ምን አየሽ፣ ምን አወቅሽ ብሎ የጠየቃት ማን አለ?

የሐርቡዋ፦
እኔን እስካሁን ማንም።

ባቲ ሰኞ፦
ልጆች፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ስለ ሰው አወራችሁ፣ ስለ ከብት ማን ያውራ?

ባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ፍየልና ግመል ሲሸጥ ዋጋውን የሚቆርጠው ባቲ ያለ ሰው ይመስላችኋል? ሐጅ ሲቃረብ ማዶ ፍላጎቱ ይነሳል፣ እዚህ ፍየል ትወደዳለች። በ2000 መስከረም ላይ፣ በፈረንጅ ነው አደራ፣ ሳዑዲና የመን ውስጥ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባል የከብት በሽታ ገባና ሳዑዲ የእኛን ቀንድ ከብት፣ የሶማሌውን፣ ሁሉንም ዘጋች። ያ ዕግድ ለዓመታት ቆየ። ነጋዴው ለምን እንደተዘጋ አያውቅም፣ መቼ እንደሚከፈት አያውቅም። አንዱ ፖለቲካ ነው ይላል፣ ሌላው በሽታ ነው ይላል፣ ሦስተኛው አውስትራሊያ ገበያውን ልትወስድ ነው ይላል። ጅቡቲ የገላጋይ ማቆያ ተሠርቶ ከብቱ እየተመረመረ መሄድ ሲጀምር ነው ነገሩ የላላው።

የሪያድ የእንስሳት ሐኪም ቢሮ ምን እንደሚጠይቅ፣ ስንት ቀን ማቆያ፣ የትኛው ክትባት፣ ይሄን በአማርኛ የሚጽፍልኝ ማዕከል ካለ እኔ በሬ አርጄ እመርቀዋለሁ።

የኮምቦልቻው፦
ጋሼ በሬውን ሲያርዱ ይጥሩኝ። «የገላጋይ ማቆያ» ያለው የልጅ ልጅዎ ነው መሰለኝ፣ ኳራንቲን ማለቱ ነው።

ባቲ ሰኞ፦
እሱ ነው፣ ገርፌዋለሁ።

ቆቅ፦
ሁላችሁም ሞቅ አላችሁ። ገንዘቡስ ከየት ነው? መንግሥት አይሰጥም። ታዲያ የሚሰጠው ማነው? ራሳቸው ዐረቦቹ። ከዚያ ስለ ከፋላ ሥርዓት፣ ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር ስለሚያስረው፣ ጥናት ጻፍ እስቲ።

መምህር ዘደሴ፦
ትክክለኛ ፍርሃት ነው፣ ትላልቆቹም አልዳኑም። ኤክሰተር ከሻርጃው ገዢ ብዙ ድጋፍ አግኝቷል፣ ሰውየው ዶክትሬቱን እዚያው ነው የሠራው። የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የኩዌት ፕሮግራም በኩዌት ፋውንዴሽን ገንዘብ ነው የተከፈተው። ያው ትምህርት ቤት ከጋዳፊ ልጅ ፋውንዴሽን ገንዘብ በመቀበሉ በ2011 ዳይሬክተሩ ሥልጣን ለቀቀ። ጆርጅታውን ግን በ1981 አንድ ነገር አድርጓል። ከሊቢያ ለዐረብ ማዕከሉ የተሰጠውን 600 ሺህ ዶላር ከነወለዱ መለሰው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቼኩን ራሱ ይዞ ሄዶ ነው የመለሰው ይባላል።

እኛ የምንመልሰው 600 ሺህ ዶላር የለንም፣ ስለዚህ ባንቀበለው ይቀላል። ትንሽ ሆኖ ቢጀመር የማንንም ገንዘብ አይፈልግም።

ቆቅ፦
ሌላም አለ። እዚያ ሄዶ ማጥናት ቀልድ አይደለም። ማቲው ሄጅስ የሚባለውን የደርሃም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስታውሱ። በ2018 ለጥናቱ ኤምሬትስ ሄዶ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ያዙት፣ ሰላይ ነህ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በቀናት ውስጥ በይቅርታ ተፈታ፣ እንግሊዛዊ ስለሆነ። የወረባቦ ልጅ ቢሆን ማን ይጮህለታል?

ጦሳ ሥር፦
ለዚህ ነው እዚህ ሆኖ ማጥናት የሚሻለው። የሚነበበው ኢንተርኔት ላይ አለ፣ የሚነገረው ሐርቡ አለ። ማንንም ሪያድ መላክ አያስፈልግም።

የኮምቦልቻው፦
እሺ ተስማማን እንበል። ነገ ጠዋት ምን ይሠራል? ወሬ አትበሉኝ።

መምህር ዘደሴ፦
እኔ ብሆን በኮንትራቶቹ እጀምራለሁ። የተመለሱ ልጆች ቤት ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ አሉ። ኮፒ ተደርገው፣ ስም ተሸፍኖ፣ በአገርና በዓመት ተለይተው ቢቀመጡ አንድም ዩኒቨርሲቲ የሌለው ስብስብ ይሆናል። ደመወዙ ስንት ተባለ፣ ስንት ተከፈለ። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድን የከለከለው የ2006 ዕግድ ሲወጣ፣ የውጭ አገር ሥራ ስምሪቱ አዋጅ 923 ሲመጣ፣ ዕግዱ በ2010 ሲነሳ ኮንትራቱ ላይ ምን ተለወጠ። ኳታር ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ለሁሉም ሠራተኛ፣ ለቤት ሠራተኛም ጭምር፣ 1000 ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ ብላለች። ከዚያ በኋላ የሄደችው ኮንትራት ላይ አለ ወይስ የለም? ይሄን መልስ ለማግኘት ወረቀቱን ማየት ነው፣ ሌላ አያሻም። ዕግዱንና አዋጁን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ የኳታሩን በፈረንጅ።

ደረሳው የዐረብኛውን ዐምድ ከእንግሊዝኛው ጋር ያመሳክራል። እኔ በግሌ የምጠረጥረው ሁለቱ ብዙ ጊዜ እኩል እንዳልሆኑ ነው። ካልሆኑ ደግሞ ፍርድ ቤት የሚታየው የትኛው እንደሆነ ገምቱ።

ደረሳው፦
ኢንሻአላህ እኔ ዝግጁ ነኝ። ከዐስር ሰላት በኋላ ነፃ ነኝ፣ ረመዳን ሲሆን ብቻ አትጥሩኝ።

የሐርቡዋ፦
የእኔ ሁለቱም አሉ፣ የኩዌቱም የሳዑዲውም። ስሜ ካልታየ እሰጣለሁ። የመዳሜ ስም ግን ቢታይ ግድ የለኝም፣ ሃሃ።

አንድ ጥያቄ። በባሕር የሄዱትስ? ኮንትራት የላቸውም። የእኛ ሰፈር ወንዶቹ አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። የጅቡቲው ኦቦክ፣ የመን፣ ከዚያ በእግር የሳዑዲው ጂዛን።

መምህር ዘደሴ፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ ይሄ ትልቁ ክፍል ነው። የእነሱ ወረቀት ካለ የዲፖርት ወረቀት ነው፣ ካልሆነም የሐዋላ ደረሰኝ። ቀሪው በቃል ነው የሚቀዳው። እዚያ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደላላ ስም ሲነሳ የተናገረው ልጅ አደጋ ላይ ይወድቃል፣ ደላላው ጎረቤት ነውና። እኔ በግሌ የደላላን ስም መጀመሪያውኑ አልጠይቅም። ምን ሠራህ፣ ለማን ሠራህ፣ አሠሪህ ስለ እኛ ምን ያወራ ነበር፣ እሱ ይበቃል።

ቆቅ፦
ደላላውን ካልጠየቅክ ምኑን አጠናኸው?

መምህር ዘደሴ፦
የሚጠናው ሳዑዲ ነው፣ ደላላው አይደለም። ደላላውን ፖሊስ ያጥናው።

ቆቅ፦
አልተዋጠልኝም። ግን ቀጥሉ።

የሐርቡዋ፦
ወንድሜ በዚያ መንገድ ነው የሄደው፣ ጂዛን ፍየል ጠብቋል። ይናገር እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፣ ቃል አልገባም።

ባቲ ሰኞ፦
የጂዛንን ፍየል የጠበቀውን ልጅ እኔም እፈልገዋለሁ። የእነሱን ፍየል ምን እንደሚያበሉት ልጠይቀው።

ቧንቧ ውሃ፦
ፒያሳ የማውቀው ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። በብዛት ከሆነ ይቀንስልናል። ስም የሚሸፈነው ከኮፒው በፊት ነው በኋላ? እሱን ንገሩኝና ነገ ዋጋ ጠይቄ እመለሳለሁ።